የቀጮ መኪና ሰፊ ጎማዎች

ለመኪና ውድድር ማኅበር
ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ቀን፦ መጋቢት 12፣ ዓርብ

አመልካች፦ የሟች አሽከርካሪ ታላቅ እህትና የመኪናው ጎማ ገጣሚ

ጉዳዩ፦ እሁድ በመታሰቢያው ውድድር ከሚሰለፈው መኪና ላይ ሰፊዎቹ ጎማዎች ወልቀው ቀጭኖቹ እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በወንድሜ ቀብር ዕለት ክንዴን ይዘው የደገፉኝ እርስዎ ነዎት። ውለታዎን አልረሳሁም። ዛሬ ደጅዎን የምጠናውም ያንን ተማምኜ ነው።

1. ወንድሜን በማኅበሩ ዘንድ ቀጮ ያላለው ሰው የለም፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። መኪናው በትንሽ ሞተር ምድብ የሚወዳደር ነበር። አቅሙን ስለምናውቅ እኔና እሱ ጎማ የምንመርጠው ተጨቃጭቀን፣ አንዳንዴም ተኳርፈን ነበር። በመጨረሻ የተስማማነው ባለ አሥራ ሦስት ኢንች ቀላል ቸርኬና ቀጭን ጎማ ላይ ነው። ለዓይን አያምርም። ተመልካቹ "የጋሪ እግር" እያለ ይስቅበት ነበር። ቀጮም "ጋሪው ሲያልፍህ ሰላም በለው" ብሎ ይመልስለታል። አፈሩን ያቅልልለትና አፍ ነበረው።

2. የመጨረሻው ውድድሩ ሲቃረብ ስፖንሰር የሆነው ድርጅት ሰፊ ጎማ ከነትልቅ ቸርኬው በስጦታ ሰጠ። ማኅበሩም ለደኅንነት ይበጃል ብሎ በራሱ ጋራዥ አስገጠመው። ሰፊ ጎማ መሬት ቆንጥጦ ይይዛል የሚባለውን አልክድም፤ ጉልበት ላለው መኪና እውነት ነው። የእኛ ሞተር ግን ያንን ሁሉ ክብደት በማሽከርከር ብቻ ደከመ። ጎማው ቁመት ስለጨመረም ማርሹ ረዘመ፣ ሞተሩም በየማርሹ ጉልበት አጣ፤ መኪናው ከኩርባ በወጣ ቁጥር አቀበት ላይ ሸክም እንደያዘ ሰው ያቃስት ጀመር። በዚያ ላይ ቀላል መኪና ሰፊ ጎማን አያሞቀውም። ያልሞቀ ጎማ ደግሞ ይዟል ሲሉት በድንገት ይለቃል። ቀጭኑ እኮ ሊከዳ ሲል አስቀድሞ ይጮሃል፣ ያንሸራትታል፣ ለሰው ጊዜ ይሰጣል።

3. ከሁሉ የከፋው በአሽከርካሪው ላይ የሚያመጣው ጠባይ ነው። ትልቅ ሞተር የያዘ ሰው ፍሬን ይዞ ያጣውን ፍጥነት ቤንዚን ረግጦ ይመልሰዋል። ትንሽ ሞተር የያዘ አንዴ ካጣው አጣው ነው፤ ስለዚህ ፍሬኑን ይሰስታል። በየዙሩ ትንሽ ትንሽ እያሳነሰ ይሄዳል። ቀጮ በልምምዱ ቀን ከመኪናው ወርዶ "እትዬ፣ ይሄ ነገር ከበደኝ፤ ግን መላ አገኘሁለት" አለኝ። መላው ምን እንደነበር የገባኝ በማግሥቱ ነው። ከሞተበት ከመጨረሻው የግራ ኩርባ በፊት አስፋልቱ ላይ አንዲት የፍሬን ምልክት አልነበረችም። የምርመራው ሪፖርት "የአሽከርካሪ ስህተት" ይላል፤ በእሱ አልከራከርም። ወንድሜን ከጥፋት ባወጣው ከመቃብር አላወጣውም።

4. ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ይህ ለጽሕፈት ቤት የሚጻፍ ነገር አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ይታገሡኝ። የጎማ ቤቴ ኮምፕረሰር አየር ሲያንሰው በራሱ ይነሳል፤ ሥራው ነው። እኔ ግን በተነሳ ቁጥር አንገቴ ወደ በሩ ይዞራል፤ ቀጮ ሲገባ ከሰላምታ በፊት እጁ የሚሄደው ወደ አየር ቱቦው ነበርና። ደንበኛ ፊት "መጣህ እንዴ?" ብዬ አውቃለሁ። ጎሚስታዋን ነካ አድርጓታል ይላሉ አሉ፤ ይበሉ። በህልሜ ሲመጣ ግን ያ ሁሉ አፍ የለም። መዳፉን ጎማው ላይ አሳርፎ ያየኛል። አልሞቀም ማለቱ ነው። ስነቃ የገዛ እጄ በረዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። የምፈራው ግን ለሞተው አይደለም።

5. ማኅበሩ መኪናውን አስጠግኖ፣ እሁድ በስሙ በሚደረገው ውድድር ሴት ልጁ እንድትነዳው መፍቀዱን ስሰማ አልቅሼ አመስግኛለሁ። ልጅቷ ፈቃዱም ችሎታውም አላት። እናቷ ቀድማ ስላረፈች ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እልኳንም አውቀዋለሁ። ሰኞ ልመርቃት ወደ ጋራዡ ስሄድ መኪናው በእነዚያው ዓይነት ሰፊ ጎማዎች ላይ ቆሟል። እነሱን ለማስገባት ሲባል ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ሳይቀር ተቆርጧል። ውስጡ ቀጮ ከነሄልሜቱ ተቀምጧል። ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ሄልሜቱ ሲወልቅ እሷ ናት፤ "አክስቴ፣ ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?" አለችኝ። ድካም ነው አልኳት።

6. ማክሰኞ የቴክኒክ ክፍሉን ሹም አነጋገርኩ። እሱም አልተቃወመኝም። "እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ ግን ስፖንሰሩ ጎማው በፎቶ እንዲታይለት ይፈልጋል፣ ትእዛዙም ከላይ ነው" አለኝ። ወደ ላይ ብወጣ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጸሐፊዎ ወንበር ሰጥታ፣ ውሃ አጠጥታ "እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖብሽ ነው" ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። ለደግነቷ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን ይሄ ልጥ አይደለም፤ ያው እባብ ነው።

7. አቤቱታዬ እስከዚህ ትናንት ተጽፎ አልቆ ነበር። ዛሬ ጠዋት ልጅቷ ከልምምድ ስትመለስ ወደ ጎማ ቤቴ መጣች። ደስታዋ ሌላ ነው። መጀመሪያ መኪናው አልታዘዝ ብሏት እንደነበር፣ አሁን ግን ጠባዩን እንዳገኘችው፣ የመጨረሻውን የግራ ኩርባ ፍሬን ሳትነካ እንዳለፈችው እየሳቀች ነገረችኝ። "አባዬ እንዴት ይነዳ እንደነበር ገና ዛሬ ገባኝ" አለች። እጇን ይዤ ለመንኳት። አባትሽ የሞተው በዚሁ ነው አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። "አንቺ እኔንም ሳልሞት ቀበርሽኝ!" ብላ በሩን ጓ አድርጋብኝ ወጣች። ተከትያት ብሮጥም አልደረስኩባትም።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬውኑ ትእዛዝ ሰጥተው ጎማዎቹ እንዲቀየሩልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ቀጭኖቹ አየራቸው ተስተካክሎ በሬ ላይ ተደርድረዋል፤ ሥራው ቡና ተጠጥቶ ሳያልቅ ያልቃል። ስፖንሰሩ ፎቶውን ጎማዎቹ ሳይቀየሩ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ያንሳ።

ይህ አይሆንም ከተባለ ግን ጥያቄዬ ሌላ ነው። እሁድ መኪናው ከጋራዡ እንዳይወጣ ይከልክሉልኝ። ልጅቷ ከዚህ ቀን በቀር ሌላ ሕልም እንደሌላት አውቃለሁ። ማን አስከለከለኝ ብላ ስትጠይቅ አክስትሽ ናት ይበሏት፤ ስሜን አይደብቁልኝ። ዕድሜ ልኳን ትጥላኝ። ብቻ የምትጠላኝበት ዕድሜ ይኑራት።

ምላሽዎን እዚሁ ደጅዎ ላይ ቆሜ እየጠበቅሁ፣
ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የቀጮ እህት፣ ጎሚስታዋ