የባለቤቴ ፊደላት ከአስከሬን ክፍል በር እንዲወርዱልኝ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ ደህና ናቸው? የሆስፒታል ኃላፊን ስለ ጤና መጠየቅ ለቀባሪው ማርዳት ቢመስልም፣ እኔስ ከልቤ ነው የጠየቅሁት።

የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ፣ በሕፃናት ክፍል ነርስ የነበረችውና ባለፈው ክረምት እዚያው በሆስፒታልዎ ያረፈችው ሴት ባል ነኝ። ልመናዬ አንድ ነው፤ በእጇ የሣለቻቸው ፊደላት ወደ ሕፃናት ክፍል ይመለሱልኝ፣ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይነሡልኝ።

ምናልባት ረስተውት ከሆነ ላስታውስዎ። ፊደላቱን የሣለቻቸው በምግብ ጠረጴዛችን ላይ፣ በወፍራም ብሩሽ ነበር። ሰ ጫማ ተጫምታለች፣ ወ ጉንጯን ነፍታለች፣ መ መነጽር አድርጋለች። መነጽሩ የእኔ ነው፤ መጣመሙ እንኳ አልቀረም። "ልጆቹ በሩ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ ይሳቁ፤ መርፌው የትም አይሄድባቸውም" ትለኝ ነበር።

መሥሪያ ቤትዎ ወዷቸው ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ የሆስፒታሉ ሁሉ ጽሕፈት ስላደረጋቸው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

አንደኛ፣ "መጸዳጃ ቤቱ ተበላሽቷል" የሚለው ማስታወቂያ በእርሷ ፊደል መለጠፉን አልቃወምም። እርሷም ብትኖር ትስቅበት ነበር።

ሁለተኛ፣ የአስከሬን ክፍሉ በር። እርሷን ልረከብ እዚያ ስቆም፣ ባለጫማዋ ፊደል ልትሮጥ የተነሣች ይመስል ከላይ ታየኛለች። ለበሩ ጽሕፈት ቢጫ ቀለም ለመረጠው ባለሙያ አድናቆቴ ይድረሰው።

ሦስተኛ፣ የሞት ማስረጃው። ከላይ በትልቁ "የሟች ስም" ይላል። ሟን ባለቤቴ አልሣለቻትም፤ ለሕፃናት ክፍል ምን ታደርግላታለች? የእርስዎ ባለሙያ ግን፣ ትጋቱ ይመስገንና፣ የእርሷ መ ላይ እግር ቀጥሎ ሠራት። እናም የባለቤቴ ስም ከገዛ መነጽሬ ሥር ተጽፎ ተሰጠኝ። ማስረጃ መስጫው መስኮት ላይ ቆሜ አለቀስሁ። ጸሐፊዋ ደግ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል እንደማይቀበል ስታስረዳኝ የእርሷም ዓይን ቀላ።

አራተኛውን ልተወው ብዬ ነበር፣ አልቻልሁም። ሕፃናት ክፍሉ ሲታደስ የእርሷ ጽሕፈት በነጭ ቀለም ተሸፍኖ፣ ቀጥ ባለ ጥቁር ፊደል ተተካ። ምነው ብዬ ብጠይቅ፣ ለክፍሉ ክብር ሲባል ነው ተባልሁ። ክብሩ ተጠብቋል፤ ልጆቹም አሁን ከበሩ ጀምረው ያለቅሳሉ።

ጌታዬ፣ ፌዙን ልተወውና፣ ባለቤቴ ናፍቃኛለች። ከእጇ የቀረልኝ ይኸው ፊደል ብቻ ነበር።

ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና እየተመኘሁልዎ፣ በሆስፒታልዎ እስከ መጨረሻው በር ድረስ በክብር የተስተናገድሁት፣
ታዛዥዎ፣ የነርሷ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ድንጋይ ጠራቢው የባለቤቴን ስም መቃብሯ ላይ በምን ዓይነት ፊደል ልቅረጸው እያለ ይጠይቀኛል። በእርሷ ፊደል እንዳላስቀርጽ፣ የሚያልፍ ሁሉ የአስከሬን ክፍልዎን በር ያስታውሳል። በሌላ እንዳላስቀርጽ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ድንጋዩ እስካሁን ባዶውን ቆሟል። ለሞት የሚስማማ ፊደል መምረጥ እርስዎ ያውቁበታልና፣ እባክዎ ይንገሩኝ።