ብርድ ልብስ የለበሱ መጻሕፍት

ይድረስ ለወንድሜ ለጣሰው ገብረመንፈስቅዱስ፣ ጅቡቲ፤

ወንድም ዓለሜ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ? የዚያ አገር ሙቀት ዘንድሮስ ራራልህ ወይስ እንደ ወትሮው በላብ እያጠበህ ነው? እናናየሁስ እንዴት ናት፤ ወገቧን ይይዛት የነበረው ነገር ለቀቃት? ምስጋናስ ትምህርቷን በርትታለች? ማኅደረማርያም አማርኛውን እየረሳ ነው ብለኸኝ ነበር፤ አሁንም በፈረንሳይኛ ነው የሚያኮርፈው? ሁላችሁንም ጉንጫችሁን እያገላበጥኩ ስሜያችኋለሁ።

እኔ ለራሴ ደህና ነኝ፤ ብርድ ሲነካው ጉልበቴ ከመንቋቋቱ በቀር የምታማበት ነገር የለኝም። አማችህ ሽፈራውም ደህና ነው፤ እዚያው ፋብሪካው ጥበቃ ላይ ነው። መቅደስም ደህና ናት፤ እንደ እናቷ አፏ አያርፍም። ከዚህ ቀጥዬ «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልጽፍልህ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ። አባባ ደህና አይደሉም ጣሰው።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ብለህ እንዳትቆጣኝ። አንተ በደወልክ ቁጥር አባባ «ምን አለ? ምን አለሽ?» እያሉ አጠገቤ ናቸው። ውጭ ወጥቼ ላናግርህ ስል ደግሞ «ከእኔ የምትደብቁት ምን አላችሁ?» ይላሉ። ሀብታሙ ሹፌሩ ወደ እናንተ ሊወርድ መሆኑን ስሰማ ነው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የተቀመጥኩት። ጽሕፈቴ ቢያስቅህም ችለህ አንብበው፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት ከዚህ በላይ አትጽፍም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። የአባባ መጽሐፍ ማከራያ እንዴት እንደነበረች አትረሳትም። አንኮበር ሳሉ ከቤተ ክህነት ሰዎች የተማሩትን ድጉሰት፣ የመጽሐፍ መጠረዝና በቆዳ መሸፈን ሙያ፣ ይዘው መጥተው፣ የታተመውን ልብ ወለድ ሁሉ እንደ ዳዊት በወስፌና በክር እየጠረዙ፣ ቆዳው ሲወደድባቸው ደግሞ ከፋብሪካ በሚወጣ የብርድ ልብስ ቁራጭ እየሸፈኑ ያከራዩ ነበር። የከተማው ተማሪ ሁሉ «ብርድ ልብስ የለበሰ መጽሐፍ አለ?» እያለ ነበር የሚመጣው። ለመያዣም ገንዘብ አይቀበሉም፤ «ገንዘብ የሌለውስ አያንብብ?» ብለው መታወቂያ ብቻ ነው የሚይዙት። አንብቦ የጨረሰ መጽሐፉን ይመልሳል፣ መታወቂያውን ከዚያች ከጽድ ሣጥን ይወስዳል። እድሜያቸውን በሙሉ በዚህ ነው የኖሩት፤ እኔም ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ በዚህ ነው የቆየሁት።

ያ ሁሉ ግን ተበላሸ። ወረቀቱ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ቀረጡም የማተሚያውም ዋጋ ሰማይ ወጣ፤ አዲስ መጽሐፍ ከአዲስ አበባ ላምጣ ብል ባለኝ ገንዘብ የምገዛው አንዱን ብቻ ሆነ። ያለቀውንም መጽሐፍ ደግሞ የሚያሳትም ጠፋ። መጽሐፍ እንዲህ ሲወደድ በጣት አሻራ የሚሰጠው አዲሱ መታወቂያ መጣና የቀበሌዋ ካርድ ለባለቤቷም ግድ የማትሰጥ ሆነች። ተማሪው ካርዷን ይተውልሃል፣ መጽሐፉን ይዞ ይቀራል። አንዱማ «እትዬ ይመኙሻል፣ ከምትቸገሪ በቴሌግራም ብትልኪልኝስ» አለኝ። «መያዣህንም በቴሌግራም ልትልክልኝ ነው?» ብዬ መለስኩለት፤ ተሳሳቅን። እሱ ሄደ፣ ሱቋ ግን እየሳሳች ሄደች። አባባ ይህን ስነግራቸው «ይመልሳሉ፣ ፈተና ላይ ሆነው ነው» ይላሉ። ፈተናው አያልቅም መሰለኝ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ በመስከረም ስብሰባ ተጠራሁ። የመጽሐፍና የንባብ ፖሊሲ ሊወጣ ስለሆነ ረቂቁን ሰምታችሁ ሐሳብ ስጡ ተባልን። ከአዲስ አበባ የመጡ ሹማምንት፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ደራሲዎች፣ አንድ የማተሚያ ቤት ባለቤት ነበሩበት፤ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ቀረጡ ከወረቀት ላይ ይነሣ፣ ደራሲ ከኪሱ እያሳተመ መደህየቱ ይቅር፣ መንግሥት ከሚታተመው ላይ ለየትምህርት ቤቱ ይግዛ፣ እንደ ሰላ ድንጋይ፣ ለሚና ጣርማ በር ያሉ ትንንሽ ከተሞችም የንባብ ክፍል ይኑራቸው ይላል ረቂቁ። እውነቴን ነው፣ ሲነበብ እንባዬ መጣ። አባባ በጤና ኖረው ቢሰሙት አልኩ።

ወረቀቱን ለእያንዳንዳችን አድለውን ስለነበር እኔን ፍለጋ ገባሁ። ደራሲ አለ፣ አሳታሚ አለ፣ አታሚ አለ፣ አከፋፋይ አለ፣ ሻጭ አለ። አከራይ የሚል አጣሁ። ከኋላ ገልብጬ ፈለግኩ፤ የለም። ደፍሬ ተነሣሁና «እኛ አከራዮቹ የት ነን? ይህ ከተማ የሚገዛውን ሳይሆን የሚከራየውን ነው ሲያነብ የኖረው» አልኩ። ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ናቸው፣ አገላብጠው አይተው «እናቴ፣ እናንተ ሌሎች ባለድርሻ አካላት በሚለው ውስጥ ተካታችኋል» አሉኝ። እኔም አላረፍኩ፤ «ታዲያ ፖሊሲው የሚጸድቀው መቼ ነው? ሱቃችን ለመንገድ ማስፊያ የምትነሣው ለጥቅምት ነው» ስል አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። በክፋት አይደለም የሳቁት፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥያቄሽ ተይዟል አሉኝ። ምሳ አበሉን፣ «የሚያነብ ትውልድ» የሚል የታተመበት የጨርቅ ቦርሳም ሰጡን፤ አሁን ሽንኩርት እገዛበታለሁ።

ማታ ለአባባ ስነግራቸው «ሌሎች» የሚለው ነገር አስቋቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ግድ የለም፣ ከእነ ሌሎች ጋርም ቢሆን መግባታችን ጥሩ ነው» አሉ። ስለ ሱቋ መነሣት ግን አልነገርኳቸውም። በዚያው ሰሞን የደረታቸው ሕመም ጠንቶባቸው ሐኪሙ «እንዳይበርዳቸው፣ እንዳይደነግጡ» ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር።

ጥቅምት ሲገባ አፍራሾቹ መጡ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ቆርቆሮውን እንኳ ሳያጣምሙ ነቅለው አስቀመጡልኝ። ምትክ ቦታ ካርታ ላላቸው ነው ተባለ፤ የእኛ በጊዜያዊ ፈቃድ የቆመች ናትና የለንም። ሽፈራው ጋሪ ተከራይቶ መጻሕፍቱን በጓሮ በር አስገባልኝ፤ ጓዳው ውስጥ ከርብራብ ላይ ደርድረን በላስቲክ ሸፈንናቸው። መታወቂያዎቹንም ከነሣጥናቸው ከእህሉ አጠገብ ሸጎጥኩ። አባባ ድምፅ ሰምተው ምንድነው ሲሉኝ «ስፌታቸው የላላ መጻሕፍት ናቸው፣ ሲሻልዎት እንዲጠግኗቸው ያመጣሁ ነው» አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ ወስፌያቸውን አስፈልገው ትራሳቸው ሥር አደረጉ።

ከዚያ በኋላ የኖርኩትን ኑሮ አትጠይቀኝ። ጠዋት ቁልፉን አንጠልጥዬ «ሱቅ ልክፈት» ብዬ እወጣለሁ፤ ገበያ እዞራለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ፀሐይ እሞቃለሁ፣ በሰዓቴ እመለሳለሁ። እሳቸው ደግሞ ሳልቀመጥ «ዛሬ ማን መጣ? ምን ወሰደ?» ይላሉ። አንዷ ነርስ መጣች፣ አንዱ ወታደር መጣ እያልኩ ሰው እፈጥርላቸዋለሁ። «ያች ነርስ ወደደችው ወይ?» ብለው በሳምንቱ ይጠይቁኛል፤ እኔ ነርሷን ረስቻታለሁ። መቅደስ «እማዬ፣ ደራሲ ሆነሽ ቀረሽ» ትለኛለች። ትሳቅ እንጂ እኔስ እንባዬ ነው የሚመጣው።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ በራችን ክፍት ነው። አንዲት ሴት ከአባባ አልጋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሸዋዬ ነው ስሟ፤ ድሮ እዚህ መምህራን ኮሌጅ ስትማር የተከራየችውን መጽሐፍ ይዛ ከሰላ ድንጋይ መጥታ ነው፤ አሁን እዚያ አስተማሪ ናት። እኔ ሳልደርስ ለአባባ ሁሉንም አውርታለች፤ «ሱቁ ያለበት ብሄድ መንገድ ሆኗል፤ እንዴት ደነገጥኩ መሰልዎት! ቤታችሁን ጠያይቄ ነው የመጣሁት» ብላ። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አባባ ወደ እኔ አልዞሩም። መጽሐፉን ተቀብለው ብርድ ልብሱን ዳሰሱት፣ ጥራዙን በጣታቸው ቆንጠር ቆንጠር አደረጉና «ስፌቱ ይዟል» አሉ። ቀጥለውም «ይመኙሻል፣ የልጅቱን መታወቂያ ስጫት» አሉኝ።

እሷ ከሄደች በኋላ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን «ታዲያ እነዚያ ሌሎቹ ሲመልሱ ወዴት ይሄዳሉ?» ብቻ አሉኝ። እዚያ ሱቋ በር ላይ ቤታችንን የሚያመለክት ወረቀት ለጥፊላቸው አሉኝ። አባባ፣ በርም የለ፣ ግድግዳም የለ፣ አስፋልት ነው አልኳቸው። ያን ጊዜ ነው ፊታቸው የጠቆረው።

በማግሥቱ «ተነሥቼ ልቀመጥ» አሉ። ሐኪሙ ከልክሏል ብንል እምቢ አሉን። ደጃፋችን ላይ ወንበር አውጥተን፣ በጋቢ ጠቅልለን፣ ሣጥኗን ጉልበታቸው ላይ አድርገን አስቀመጥናቸው። መንገድ ላይ ሰው ባለፈ ቁጥር ቀና ይላሉ። የአገራችንን የኅዳር ውርጭ አንተ ታውቀዋለህ፤ ፀሐይ ብትወጣም ጥላው ይቆነጥጣል። አንዳንዱ ሰላም ብሎ ያልፋል፣ አንዳንዱ ለማኝ መስለውት ሳንቲም ሊሰጣቸው ይሞክራል። «ሳንቲም አይደለም፣ መጽሐፍ ነው» ይሉታል። መጽሐፍ ይዞ የመጣ ግን የለም።

በዚያ ስብሰባ ላይ የነበረች ራሔል የምትባል የባህል ቢሮ ልጅ በዚያ ስታልፍ አይታቸው ጉንጫቸውን ስማ አለቀሰች። ደግ ልጅ ናት። መጻሕፍቱን ወጣቶች ማዕከል አንድ ክፍል ላስገባላችሁ ብላ ስንት በር አንኳኳች፤ ክፍሉ አለ፣ ቁልፉን የያዘው ሰው የለም፤ ሰውየው ሲገኝ ፖሊሲው ሳይጸድቅ በጀት የለም ይላል። «እትዬ፣ ሲጸድቅ እኮ ጥሩ ይሆናል» አለችኝ። «እኔም አምናለሁ ልጄ፣ የእኔ አባት ግን ረቂቅ አይደሉም፤ እያለቁ ነው» አልኳት። ከአፌ ካወጣሁት በኋላ አዘንኩላት፤ እሷ ምን አደረገች?

ደጃፉ ላይ መቀመጡ ደረታቸውን ጨረሰው። አሁን ከአልጋ አይነሡም። ሐኪሙ ሽፈራውን ለብቻው ጠርቶ ነው ያናገረው፤ ሽፈራው ሲመለስ ፊቱን አይቼ ምን እንደተባለ አልጠየቅኩትም። ሣጥኗን ግን ከአጠገባቸው አላነሡም። ዓይናቸው ስለማያይ መታወቂያዎቹን አንድ በአንድ እያወጡ «ይቺ የማን ናት?» ይሉኛል፤ አነብላቸዋለሁ። አንዳንዱን ፊቱን ሳይቀር ያስታውሳሉ። ትናንት ከሥር አንዲት ጠርዟ የተበላች ካርድ አወጡ። አየኋት፤ ፎቶው ላይ ጎፈሬ ያሳደግከው አንተ ነህ። አንተም ብትሆን ያለ መያዣ አልሰጡህም ነበር፤ ረስተኸዋል? ወደ ጅቡቲ ስትወርድ ያን ስለ ባሕር የሚያወራውን ወፍራም መጽሐፍ፣ ቡኒ ብርድ ልብስ የለበሰውን፣ ይዘህ ነው የሄድከው። «የጣሰው ናት» ስላቸው ያ የጠፋው ሳቃቸው መጣ። «ያ ሌባ! የገዛ ልጄ ነው መጽሐፌን ይዞ እስከ ባሕር የወረደው» አሉ። ከዚያ ካርዷን ሣጥን ውስጥ አልመለሷትም፤ መዳፋቸው ውስጥ ይዘዋት እንቅልፍ ወሰዳቸው።

መጽሐፉ እናናየሁ ሻንጣ ሥር እንዳለ ነግረኸኝ ነበር። ፈልጋ ታውጣልህና ይዘኸው ና። ፈቃድ እስኪሰጡኝ፣ በዓሉ እስኪደርስ አትበል፤ እኔ ላባብልህ አልችልም። ካርዴን በፖስታ ላኪልኝ እንዳትለኝም። መጽሐፉን ይዞ መጥቶ ካርዷን ከእጃቸው የሚወስድ ሰው ነው የሚፈልጉት። አንድ ሰው ብቻ፣ የከተማው ሰው ሁሉ ቢቀር ልጃቸው፣ መጽሐፉን ከመዳፋቸው ላይ አድርጎ መያዣውን ቢቀበላቸው፣ የቀረውን ሁሉ ይቅር የሚሉት ይመስለኛል።

ለእናናየሁ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ለወገቧ መታሻ የሚሆን ቅቤ ከሀብታሙ ጋር ልኬያለሁ፣ በሙቀቱ እንዳይቀልጥ ቶሎ ተቀበሉት። ምስጋናን ሳምልኝ፤ አክስትሽ ፎቶሽን ቡፌው ላይ አድርጋለች በላት። ማኅደረማርያምን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ የአያቱን ስም በአማርኛ እንዲጽፍ አስለምደው። ሽፈራው እጅ ይነሣሃል። መቅደስ «አጎቴ ከመጣ እኔ ነኝ መናኸሪያ የምቀበለው» ብላለች። አባባም ለጣሰው እየጻፍሽ ነው ወይ ብለው ጠይቀውኝ አዎ ብያቸዋለሁ። ምን ልበልልዎት ስላቸው «ለዚያ ሌባ ሰላም በዪልኝ፤ ቅጣት የለውም በዪው» አሉኝ።

እህትህ ይመኙሻል
ደብረ ብርሃን
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.