በፎርኖው ጭቃ ላይ ያለው መስቀል

እታለም አገኘሽ፣

ይህን የምጽፍልሽ መተማ፣ ከጣሊያኖቹ ዳቦ ቤት ደጃፍ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ነው። እናንተ ጎንደር ጋቢ ደርባችኋል፤ እኔ ላቤ ቀለሙን እያበላሸብኝ ነው። ጣሊያኖቹ የላኩኝ በላምባ ጋዝ የሚነደው የዳቦ ፎርኖ ለምን እንደፈነዳ እንድመረምር ነው። ደግነቱ ሰው አልሞተም፤ መዝጊያው ግን ተገንጥሎ ጓሮ ወድቋል። ጣሊያኑ ሹምም “የሽፍታ ሥራ ነው” ብሎ ዳቦ ጋጋሪዋን አየሁሽን በተባባሪነት አስሯት ነበር።

ፍርስራሹን ስበረብር ከመተንፈሻው ቀዳዳ ላይ የተጣበቀ ደረቅ ጭቃ አገኘሁ፤ በአውራ ጣት መስቀል ተሰምሮበታል። ሹሙ የሽፍቶች ምልክት መሰለው። እኔ ግን ሳቄ መጣ፤ አንቺ የጠላ ጋን ስትመርጊ የምታሰምሪው ነዋ። አየሁሽን ብጠይቃት፣ “ማታ ሙቀቱ በከንቱ ሲወጣ አሳዘነኝና እንዳይተነፍስ መረግሁት፣ ጌታው” አለችኝ። ላምባው ሲንጠባጠብ አድሮ፣ ትነቱ መውጫ አጥቶ ውስጥ ተጠራቀመ፤ ጠዋት ክብሪት ሲጫር ፈነዳ።

ሹሙ በቃል አላምን አለ። ስለዚህ ከጎረቤት ጋን ተውሼ፣ ጭቃ አቡክቼ፣ ዓይኑ እያየ እንዳንቺ አድርጌ መርጌ መስቀሉን አሰመርኩለት፤ ስንት ዓመት ጭቃ አቀባይሽ ነበርኩ። ዛሬ ፈታት። “ያስፈታሽ የእህቴ አውራ ጣት ነው” ብላት፣ “ጣቷን ይሳሙልኝ” ብላለች።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ያንቺን ጋን ግን እኔ ሳልደርስ ማንም እንዳይከፍተው።

ወንድምሽ ፈረደ