የወይራው ክንፍ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1970

ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳችን የካ፣ በከማለዲን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የኋላ ክፍል ተሰበሰብን። ሦስታችን ብቻ… ከማለዲን፣ ኢንጂነር ወልደሰንበትና እኔ። መምህር አካሉ ዛሬም አልመጣም። ደረቱን አሞታል አሉ።

ከማለዲን ከአገር ከሚወጣ ግሪክ የገዛውን አሮጌ የኮርኒስ ቬንትሌተር አወጣ። ደንባችን ያው ነው። የሞተሩ ቆብ ሳይነሳ፣ የፋብሪካው ስም ሳይታይ፣ የት እንደተሠራና የማን ቤት እንደነበረ መገመት። የተሳሳተ ሻይ ይጋብዛል። እኔ «ጣሊያን» አልኩ። ወልደሰንበት ሳቀብኝ።

«ክቡርነትዎ፣ ችሎት ላይም እንዲህ ነው የሚፈርዱት?»

ቆቡ ሲነሳ እንግሊዝ ሆኖ ተገኘ። ጋበዝኩ።

የከማለዲን ባለቤት ከይሪያ ብርጭቆ ልትሰበስብ ገብታ፣ «የእንጦጦ ብርድ አልበቃ ብሏችሁ ነው ነፋስ የምታጠራቅሙት?» አለች። እውነቷን ነው። በዚህ ከተማ ቬንትሌተር ለማንም አይጠቅም። ምናልባት የምንወደውም ለዚሁ ይሆናል… የማይጠቅም ነገር ማንም አይወርስም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 14

ወደ ፍርድ ቤት ስሄድ መንገድ ዳር ሁለት ወጣቶች ወድቀዋል። ደረታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ሾፌሬ መስተዋቱን አስተካከለ። እኔም ፋይል ገለጥኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 20

ኮተቤ ሄጄ አካሉን ጠየቅሁት። ከስቷል። ቡናማ ኮቱን ለብሶ ጋቢ ደርቧል። ቀና ስል ኮርኒሱ ላይ መንጠቆው ብቻ ቀርቷል። ያ ብርቅ ቬንትሌተሩ የለም… ከሌሎቹ ሁሉ በተቃራኒ የሚዞረው፣ ባለ አራት ክንፉ። አንዱ ክንፍ ተሰብሮበት ወልደሰንበት በወይራ የተካለት።

«የት ሄደ?»

«አዋስኩት።»

«ለማን?»

«ክቡርነትህ፣ ዛሬ እሑድ ነው። ችሎት የለም።»

ሳቅን። ሚስቱ ሎሚ ግን አልሳቀችም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 3

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሻይ ይዘን ሳለ አንድ ወጣት ጆንያ ተሸክሞ ገባ። ዳንኤል እባላለሁ አለ። እንጦጦ ጥግ በተከራየው ቤት ኮርኒስ ላይ ያገኘው ዕቃ እንደሆነ ነገረን። «ባለቤቱን ባገኝ ልመልስለት ብዬ ነው። እናንተ ታውቃላችሁ ሲሉኝ…»

ወጣቱን አወቅሁት። ባለፈው ወር በፍርድ ቤቱ ኮሪደር እስረኛ እየገፋ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። ጓደኞቼ አያውቁትም። እሱ ፊት እንዴት ልንገራቸው?

ጆንያው ተፈታ። አራት ክንፍ። አንዱ ወይራ። ሁሉም ላይ የጽሑፍ ማባዣ ቀለም ነጠብጣብ። በእንጦጦ እርጥበት ቬንትሌተር ምን እንደሚሠራ ያኔ ገባኝ። በራሪ ወረቀት ያደርቃል።

ቀድሜ ተናገርኩ። «የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ነው። ባለቤት የለውም።» ከማለዲን ፊቴን አየና የሻይ ማንቆርቆሪያውን አነሳ።

ወልደሰንበት ግን… «ምን ነካዎት ክቡርነትዎ! የጣቢያው ባለ ሦስት ክንፍ ነው!»

በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት።

«እግሬ ምን አደረገዎት?» አለ ጮክ ብሎ።

«ሻይ ልጨምር?» አለ ከማለዲን።

ወልደሰንበት አልሰማውም። ወይራውን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ፣ «ይቺን በገዛ መላጊያዬ ነው የላግኋት! የአካሉ ናት፤ የኮተቤው መምህር አካሉ!» ፊቱ በርቶ ነበር። የተሳሳተ ግምት ሲያልፍ ዝም ማለት አይሆንለትም። ከእኛስ ለማን ይሆንለታል?

ወጣቱ አመሰገነ። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «ክቡር ዳኛ፣ የዛሬውን ሻይ እርስዎ ይጋብዛሉ» አለ። ዳኛ መሆኔን ማንም አልነገረውም።

ሮጬ ወጣሁ። መኪናዬ ብርድ ይዟት በስንት መከራ ተነሳች። ኮተቤ ስደርስ አካሉን የጫነ ጂፕ ከግቢው ሲወጣ ተላለፍን። ሎሚ ጋቢውን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች።

«ቬንትሌተሩን የወሰዱት የድሮ ተማሪዎቹ ናቸው። ለማድረቂያ አሉት… ምን እንደሚያደርቁ እንኳ አልጠየቃቸውም።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

የሱቁ የኋላ ክፍል ተዘግቷል። ወልደሰንበት ቤቴ መጣ። አልተላጨም።

«ወጣቱ ማን እንደሆነ ለምን አልነገሩኝም?»

«እሱ ፊት በምን አፌ?»

ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። ከዚያ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ግን እኮ ልክ ነበርኩ» አለ። የራሱን ድምፅ ሰምቶ ደነገጠ። ወንበሩን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በየምሽቱ እኔም ያንን አራተኛ ክንፍ ነው የማየው።

እሑድ፣ ኅዳር 25

ሎሚ በየቀኑ ለአካሉ እስር ቤት ምሳ ታደርሳለች። ይቀበሏታል። ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። «እየበላ ነው» ትለኛለች። ማን እንደሚበላው አልጠይቃትም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 6

ትናንት «ከእንግዲህ ምሳ አታምጪ» አሏት። ዛሬ ልብስ አይታ እንድትለይ ጠሯት። «ብቻዬን አልችልም» ብላ ላከችብኝ። ወልደሰንበትም ሳይጠራ መጣ፤ ከኋላችን፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ።

ጠረጴዛ ላይ ቡናማ ኮት። ዳንኤል ቆሟል። ዛሬ የደንብ ልብስ ለብሷል።

ኮቱን ከበሩ አወቅሁት። ክርኑ ላይ የተጣፈው ቆዳ፣ እጅጌው ላይ የሞተር ዘይት… ስንት ቅዳሜ አጠገቤ ተቀምጧል ያ ኮት!

ሎሚ አነሳችው። ራሷ የሰፋችውን ጥፍ በአውራ ጣቷ ዳበሰች። በጥንቃቄ አጣጥፋ መለሰችው።

«የእሱ አይደለም» አለች።

«እርስዎስ፣ ክቡር ዳኛ?»

«አይቼው አላውቅም።»

ዳንኤል ፈገግ ብሎ ወደ ወልደሰንበት ዞረ። «ኢንጂነር፣ እርስዎ መቼም አይሳሳቱም። የማን ነው?»

ወልደሰንበት ቀረበ። ኮቱን ብዙ አየው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ።

«አላውቅም» አለ። ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሎሚ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንግዲያው» አለችው ዳንኤልን፣ «ነገም ምሳውን አመጣለሁ።»