የአቶ ሙላቴ ጌጡ እና የሻይ ቤታቸው ደንበኞች ታሪክ

አቶ ሙላቴ ጌጡ ከአባታቸው ከአቶ ጌጡ እንግዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰለፈች ደስታ ጥር 12 ቀን 1928 ዓ.ም. በጉና ሥር ተወለዱ። በደብረ ታቦር እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1949 ዓ.ም. ወደ አስመራ ሄደው በአሜሪካኖች የጦር ሰፈር የምግብ አዳራሽ አስተናጋጅ ሆኑ። በአዳራሹ ቴሌቪዥን ነበር፤ አቶ ሙላቴ ሳህን እያነሡ አሥራ ስምንት ዓመት አዩት።

በ1955 ዓ.ም. ከወይዘሮ ውዴ አያሌው ጋር በተክሊል ተጋብተው ወርቅነሽን ወለዱ። የአስመራው ጦርነት ሲበረታ በ1967 ዓ.ም. ወደ ደብረ ታቦር ተመልሰው ከገበያው ዳር ሻይ ቤት ከፈቱ። ያኔ በከተማችን ቴሌቪዥን ያየ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በአሜሪካኖቹ ፊልም ካውቦዮቹ የሚጨልጡት ውስኪ ቀዝቃዛ ሻይ መሆኑን፣ በሰው ራስ ላይ የሚሰበረው ጠርሙስ ከስኳር መሠራቱን፣ የተመልካቹ ሳቅ ቀድሞ የተቀዳ መሆኑን እሳቸው ነገሩን። ዛሬ በጥይት የሞተው ተዋናይ በሳምንቱ በሌላ ታሪክ ዳኛ ሆኖ ሲመጣ ማንነቱን ለይተው ያውቁ ነበር፤ የትኛዋ ተዋናይት ስንት ጊዜ እንዳገባች ሳይቀር። ከአንበሳሜ ለገበያ የመጣው ሁሉ ውስኪ ይቀዳልኝ እያለ ይገባ ነበር። ደስ ይል ነበር፤ አልክድም።

በ1970 ዓ.ም. አንድ ደንበኛ ጠቆመባቸውና የኢምፔሪያሊስት ወሬ ይነዛሉ ተብለው ታሰሩ። ወፌ ላላ ተሰቅለው ሲገረፉ፣ ሻይ ቤቱ እየመጣ ወሬውን የሚሰማው ማን ማን እንደሆነ ተጠየቁ። እሳቸው የተዋናዮቹን ስም ከነትውልድ ከተማቸው ዘረዘሩ። መርማሪው ሲቆጣ «እኔ የማውቀው እነዚህን ብቻ ነው» አሉ። ከደብረ ታቦር ሰው አንድም አልጠሩም።

ሦስት ሰው ቀርቦ ወሬው የጨዋታ እንደነበር ቢመሰክር እንደሚፈቱ የቀበሌው ሊቀ መንበር ለወይዘሮ ውዴ ነገራቸው። እሳቸውም በየደንበኛው ደጅ ዞሩ። አንዱ አሞኛል አለ። ሌላው ይፋግ ሄዷል ተባለ፤ ድምፁ ግን ከጓዳ ይሰማ ነበር። ሦስተኛው እዚያ ቤት ሻይ ጠጥቼ አላውቅም ብሎ ማለ። ምን ዓይነት ሆድ ነው! አቶ ሙላቴ በ1975 ዓ.ም. ሲፈቱ ሻይ ቤቱ ተወርሶ፣ እግራቸውም አልቆም ብሏቸው ነበር። መንገድ ላይ ያያቸው ሁሉ ወደ ማዶ ይሻገር ነበር።

እስር ቤት በጀመራቸው የኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ሐምሌ 21 ቀን 1983 ዓ.ም. በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። ከባለቤታቸው፣ ከልጃቸው እና ይህን ከጻፍሁት ከታናሽ እኅታቸው ተለዩ።

ዛሬ ነጠላ አዘቅዝቃችሁ ከቆማችሁት መካከል እነዚያ ሦስታችሁ አላችሁ። አይቻችኋለሁ። ወንድሜ እየተገረፉ ስማችሁን አልጠሩም፤ ስለ እሳቸው ስል እኔም አልጠራም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ምስክር በማያጡበት፣ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን።