ካርዱም እሺ ይላል

ጥቅምት 6
ዛሬም ፀሐይ ነው፣ ዛሬም የማስጎበኘው ቱሪስት የለም። ላፕቶፑ ላይ የቤተ ክርስቲያናችንን ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ሳዞር ዋልሁ። ከዓለት ከመፈልፈል ብሷል፤ ያኛውንስ መላእክት አግዘዋል ይባላል።

የኔታ ሀብተ ሥላሴ እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያስገባውን ደረጃ አይወርዱም። ዓይናቸውም እየደከመ ነው። «ጨርሶ ሳይጠፋ ጣሪያውን አንዴ አሳየኝ» ብለውኛል። ፎቶ ሰብስቤ ምስሉን ሠራሁላቸው። ግን ምስሉ ሲዞር ይንቀራፈፋል። የቱ ክፍል ጊዜ እንደሚበላ ለማወቅ ምስሉን የሚሥለው የላፕቶፑ ግራፊክስ ካርድ ላይ ሰዓት ያዝሁበት። ሁሉንም በቅጽበት ጨረስሁ ይላል። ታዲያ ማነው የሚጎተተው?

ጥቅምት 11
የየኔታ ልጅ አስቻለች መጣች።
«አልደረሰም?»
«ድራይቨሩ አስቸገረኝ።»
«ታዲያ ሌላ ሾፌር አትፈልግም?»
ካርዱን የሚያዝዘው ፕሮግራም ነው ብዬ ላስረዳ... ተውሁት። «እሺ፣ ነገ አመጣለሁ።»

ጥቅምት 13
ተገኘ! ድራይቨሩ ትእዛዙን ተቀብሎ «እሺ» ይላል። ሥራው ገና ወረፋ ላይ ነው። እኔ የለካሁት እሺታውን ነው። ያገሬ ልጅ መሆኑን እንዴት አጣሁት?

ካርዱ እስኪጨርስ ጠብቄ ለካሁ። አሁን ደግሞ ቁጥሩ ይዋዥቃል። ሥራ ሲፈታ ኃይል ለመቆጠብ ያንቀላፋል፤ ሲቀሰቅሱት ያዘግማል። አሟሙቆ መለካት ነው እንግዲህ።

ጥቅምት 19
አስቻለች እንደገና። «ይንቀራፈፍ። እሳቸውስ ሩጫ አምሯቸዋል? ዓይናቸው አይጠብቅህም፣ ዛሬ አምጣው።»
እሺ አልሁ። ድራይቨሩን አደስሁና እንደገና ለካሁ።

ኅዳር 1
ምስሉ እንደ ውኃ ይፈሳል። ይዤ ሄድሁ። የኔታ ደጃፍ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ አኖርሁላቸው።
«አብራዋ፣ ልጄ።»
በርቶ ነበር።
አስቻለች ፊቷን አዞረች። እሳቸው እጃቸውን አሳረፉበት። «ሞቋል... ለፍተሃል።» ደግሞም፦ «እንግዲያው አንተ ንገረኝ። ጧት ብርሃን በመስኮቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚያርፈው የትኛው የጣሪያው መስቀል ላይ ነበር? ጠፋኝ።»
እኔ በሠራሁት ምስል ብርሃኑ ከሁሉም በኩል እኩል ነው የሚመጣው። ካርዱ እንዲቀለው።

ኅዳር 2
ማለዳ ደረጃውን ወረድሁ፣ ያለ ላፕቶፕ። አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጥጬ ብርሃኑን ጠበቅሁ። ወጥቼ የትኛው መስቀል እንደሆነ ነገርኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ... ለማያይ ዓይን መጨፈን ምን ለውጥ አለው?

ኅዳር 3
ትናንት ስለያቸው «ነገም ወርደህ ንገረኝ» አሉኝ። እሺ አላልሁም።
ወረድሁ።