እትዬ ተንፍሱ፦ የሰውን ትንፋሽ ሲጠብቁ የኖሩት እናታችን

እናታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1951 ዓ.ም. ከአባታቸው የእንጨት ሥራ ክፍል ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተወለዱ። ትምህርታቸውን በሠፈራቸው ተከታትለው በ1972 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁ። ቆይተውም በማደንዘዣ ሙያ ሠልጥነው በአንድ ሆስፒታል የሆድ ዕቃ በካሜራ በሚመረመርበት ክፍል እስከ ጡረታቸው አገልግለዋል። እዚያው ሆስፒታል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከነበሩት አባታችን ጋር በ1976 ዓ.ም. ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

ሕመምተኛውን ሁሉ «ተንፍሱ» ከማለት ስለማይቦዝኑ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ተንፍሱ» ይሏቸው ነበር። ካሜራ ያለው ቱቦ በሕመምተኛው ጉሮሮ ሲወርድ መዳፋቸውን ከደረቱ ላይ አያነሡም። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ የሚጮኸው ደረት ሥራ ካቆመ በኋላ ነው ይሉ ነበር። ማደንዘዣ ከመስጠታቸው በፊት ሕመምተኛው ሌሊት ያንኮራፋ እንደሆነ ሚስቱን ይጠይቃሉ፤ ባሎችን ራሳቸውን መጠየቅ ትተው ነበር፣ አንድም ያመነ የለምና። የሚያንኮራፋ ሰው ትንፋሹ በማደንዘዣ ቶሎ ስለሚታፈን መጠኑን ይቀንሱለታል፤ አለዚያም ጉሮሮውን ብቻ አደንዝዘው፣ እጁን ይዘው እያባበሉ ነቅቶ እንዲመረመር ያደርጋሉ። ሐኪሙ ቢቸኩል እንኳ «ትንፋሹ ይቅደም» ካሉ ወዲያ ንቅንቅ የለም።

የሚያንገበግበን የራሳቸው ነገር ነው። እርሳቸውም ያንኮራፉ ነበር፤ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ከጡረታ በኋላ ጨጓራቸውን አሟቸው ያው ምርመራ ሲታዘዝላቸው፣ «እኔ ስተኛ ትንፋሼን ማን ይጠብቅልኛል?» እያሉ ዛሬ ነገ ሲሉ ሁለት ዓመት አለፈ። ነቅቶ መመርመር እንደሚቻል ለስንቱ ሲያስረዱ የኖሩ ሴት፣ በራሳቸው ሲመጣ ፈሩ። ሙያው የእርሳቸው ነውና ደፍሮ የተከራከራቸው አልነበረም።

በመጨረሻ እርሳቸው ያሠለጠኗት ነርስ እጃቸውን ይዛ፣ ነቅተው ተመረመሩ። ሲነሡም «ይኼን ነው እንዴ የፈራሁት!» ብለው ሳቁ። ምርመራው ያገኘው ካንሰር ግን ከጨጓራቸው አልፎ ሄዶ ነበር።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በቤታቸው ዐረፉ። የዚያን ጠዋት ያቺው ነርስ ምንም መሣሪያ ሳትይዝ መጥታ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ መዳፏን ደረታቸው ላይ አሳርፋ እስከ መጨረሻው አላነሣችም።

ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና አንዲት እህታቸው በሐዘን ተሰናብተናቸዋል። እማዬ፣ ለሰው ትንፋሽ ስትሳሳ የኖረችውን ነፍስዎን ፈጣሪ በእጁ ይቀበልልን። ትንፋሽዎን የሚጠብቅልዎ ሰው ነበረ፤ አሁን ሳይፈሩ ይተኙ።